የጉም ቀን ገመድ

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ነው። ድምፁ እንዳይረብሽህ መኪናውን አቁሜዋለሁ። በሕይወት እያለህም “ይሄ ነገርሽ ዓሣ ያባርራል” ትለኝ ነበር፤ ዓሣ ቤታችን ምን ሊሠራ እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ፊት ለፊት ላናግርህ ሞክሬ ነበር። ወንበርህ አጠገብ ቆሜ አፌን ስከፍት ምላሴ ተሳሰረ። ስለዚህ ጽፌ ወንበርህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ። እባክህ አንብበህ ሳትጨርሰው እንዳታረጥብብኝ።

ከሥሩ ልጀምረው፤ አንተ ወሬ ከመሀል ሲጀመር አትወድም። አያቴ ጆሮው ከባድ ነበር። ሐይቁ ላይ ጉም ሲወርድ ጀልባ ከጀልባ አይተያይም፣ እሱ ደግሞ ቢጠሩት አይሰማም። ስለዚህ ያንን ረጅም ገመድ አመጣ፤ አንዱ ጫፍ በእሱ እጅ አንጓ ላይ፣ ሌላው ባንተ። አንዴ መሳብ “አለህ?” ነው። ሁለቴ “አለሁ” ነው። ሦስቴ ደግሞ “በቃ፣ ወደ ቤት”። የሚጠይቀው ታላቅ ነው፣ የሚመልሰው ታናሽ። ታናሹ “አለሁ” እስካለ ድረስ ታላቁ ጥሎት ከውሃው አይወጣም። ሦስቱን የሚስበውም ታላቁ ብቻ ነው። አያቴ ለአንተ አወረሰህ፣ አንተ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ። ወንድሜን ቡሽ ያልከውም አንተ ነህ፤ ገና ድክ ድክ ሲል ከጀልባ ወድቆ፣ እኛ ስንጯጯህ እሱ ተመልሶ ብቅ ስላለ።

መጀመሪያ ያስተማርከው ግን እኔን ነው፤ ይሄን ቡሽም ይስማ። ትሉን መንጠቆ ላይ ስሰካ ዓይኔን እጨፍን ነበር፣ አንተም “ትሉን ነው ወይስ ጣትሽን ነው የምታጠምጂበት?” እያልክ ትስቅብኛለህ። ክሩን በጣት ጫፍ መያዝ፣ ዓሣው ሲነካካ አለመቸኮል፣ ሲውጠው ብቻ መንጠቅ። ዛሬ ጨርቅ ላይ ያለኝ እጅ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እማዬ በበኩሏ ውሃ ትፈራለች። አንድም ቀን ጀልባ ላይ አልወጣችም፣ ገመዱንም ነክታው አታውቅም። ትሉን ስኳር ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅክ ጊዜ ሻይ ልታፈላ ከፍታው የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሰበሰበ። “ሰው ያገባሁ መስሎኝ ሐይቅ ነው ለካ ያገባሁት!” አለች፣ አንተም እየሳቅክ ትሉን ከወለል ለቀምክ።

አንድ ጊዜ ደግሞ በልጅነቴ ለቀልድ ብዬ ገመዱን ሦስቴ ሳብኩብህ። ክንድ የሚያህል ዓሣ መንጠቆህ ላይ ነበር። ክሩን በጥሰህ፣ ወደኋላ እንኳ ሳታይ ቀዝፈህ ቀጥ ብለህ ቤት ገባህ። እየሳቅኩ ደረስኩብህ። አልተቆጣኸኝም። “ሦስት ቀልድ የለውም” አልከኝ። “ሦስት የተሳበበት ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጥሎ ወደ ቤት ይመጣል።” ያንን ዓሣ ግን እስክትጠፋ ድረስ ታነሳብኝ ነበር።

የጠፋህ ዕለት ጉም ነበር። ከአንተ ጋር የወጣው ቡሽ ነው። አንዴ ሳብክ፣ ሁለቴ መለሰልህ። ደግመህ ሳብክ፣ መለሰልህ። ጉሙ ሲገፈፍ ጀልባህ ባዶዋን ቆማለች። ቡሽ ገመዱን ሰበሰበው። ባንተ በኩል ያለው ማሰሪያ አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። እጅህ ላይ እንደነበረው ክብ ሆኖ፣ በዚያ በግራ እጅህ በምትቋጥረው ቋጠሮ ታስሯል፤ በመሀሉ ግን እጅ የለም። አስጋሪዎቹ ሁሉ መረብ ጣሉ፣ ጠለቁ፣ ምንም አላገኙም። ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ እማዬ በር ላይ ቆማ “ሰውዬው ዓሣ ሊያጠምድ ነው የወጣው፣ ምን ሆናችኋል?” እያለች መለሰችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጀልባ ጠጋኙ ጎረቤታችን ቤታችን ውስጥ ወዳለችው የስፌት ሱቄ መጣ። ሱሪ ሊያሳጥር መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ።

“ሱሪ አይደለም” አለኝ። “ወንድምሽ ጉም በወረደ ቁጥር ብቻውን ይወጣል። ገመዱን ደግሞ እየቀጣጠለ ያረዝመዋል፣ ከእኔም ወስዷል። ዛሬ ጠዋት እስከ ወገቡ ከጀልባው ወጥቶ ውሃው ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ቀበቶውን ይዤ ነው የመለስኩት።”

“ዓሣ አስቸግሮት ይሆናላ?”

“እየሳቀ ነበር” አለ። “ነገሩ ደስ አላለኝም፣ እህቴ።”

ቡሽን ምሳ ላይ ያዝኩት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

“በጉም ብቻህን ምን ትሠራለህ?”

“አባዬ እየጠራኝ ነዋ” አለኝ፣ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው።

“አባዬ ሞቷል፣ ቡሽ።”

“ታዲያ ማን ነው የሚስበው?”

“ዓሣ ነዋ!”

“ዓሣ አንዴ ስቦ መልስ ይጠብቃል?”

የያዝኩትን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለስኩት። “ጫፉን ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ እሱ ይስባል፣ እኔ እመልሳለሁ” አለ። “አሁን አጠገቡ ደርሻለሁ። ትንሽ ነው የቀረኝ።” እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታጥብ ነበር። በደንብ እንዲሰማት ቧንቧውን ዘጋችው።

በቀጣዩ ጉም አብሬው ወጣሁ። ብከለክለው ጠፍቶ እንደሚሄድብኝ አውቃለሁ። እሱ ቀዘፈ፣ ገመዱን እኔ ያዝኩ፤ ታላቅ ነኝና እምቢ ሊለኝ አልቻለም። የመቅዘፊያው ጫፍ እንኳ አይታይም። ገመዱን ወደ ውሃው ለቀን ጠበቅን።

መጣ። አንዴ። አባዬ፣ ምን ብዬ ልንገርህ፣ እጅህን አላጣሁትም። አጠር አድርገህ ትስብና ትንሽ ትይዘዋለህ፣ ከዚያ ለቀቅ ታደርገዋለህ። ሌላ ሰው እንደዚያ አይስብም። ዓይኔ እንባ ሞላ። ልመልስልህ ጣቶቼ ተነሱ፤ ናፍቀኸኛል እኮ!

“መልሺለት” አለ ቡሽ። ዞር ብዬ ሳየው አንድ እግሩ ከጀልባው ውጭ ነው። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ውጦታል፣ እሱ አልታወቀውም። ፊቱ ላይ ያ የልጅነት ሳቁ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አንተ ደንብህን እያከበርክ ነው። እኛ “አለን” እስካልን ድረስ አትወጣም፤ ያ ጉም ሳይገፈፍልህ፣ ልጆቼን ጥዬ አልሄድም ብለህ እዚያው ትጠብቃለህ። ቡሽም በመለሰልህ ቁጥር ወደ አንተ ይጠጋል። ታናሽ በታላቁ ላይ ሦስት አይስብም፤ አውቃለሁ፣ ነውር ነው። ሳብኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ገመዱ ላላ። ቡሽ “ምን አደረግሽ!” ብሎ ጮኸብኝ፣ ከዚያ እግሩን ሰብስቦ ጀልባው ወለል ላይ ተቀምጦ ተንሰቀሰቀ። ገመዱን ጠቅልዬ አወጣሁት። ያ ሁሉ ገመድ ከሐይቅ ወጥቶ ጫፉ ደረቅ ነበር።

ቤት ስንደርስ እማዬ መወልወያ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

“እናንተ እንኳ ጫማችሁን ውጭ አውልቁልኝ” አለች። “አባታችሁ እንደሆነ ቤቱን በውሃ አጥለቅልቆታል።”

በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁ። የባዶ እግር እርጥብ ዱካ ከደጃፉ ተነስቶ ወንበርህ ድረስ ሄዷል። የተመለሰ ዱካ የለም። አየህ አባዬ፣ እኔ “እረፍ” ማለቴ ነበር። እረፍ የሚል ምልክት ግን የለንም፤ ያለን “ወደ ቤት” ነው፣ አንተም እንደ ልማድህ ለምን ብለህ ሳትጠይቅ መጣህ።

ቡሽ ድኗል፣ ይሄን አልክድም። ይበላል፣ ጀልባውን ቀለም ይቀባል፣ እኔን መሳደብም ጀምሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዝም አልኩ። ጠዋት ጠዋት ወንበርህን እጠርጋለሁ፣ ከመጋረጃው ላይ የሐይቅ ሣር እለቅማለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እየፈራሁም ደስ ይለኛል። ስፌት ላይ አጎንብሼ ሳለ ከኋላዬ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ስሰማ፣ አባቴ አለ እላለሁ።

እማዬ ግን ፀጉሯ አልደርቅ አለ። ፎጣ ስሰጣት “ለምን?” ትለኛለች። እጇ ቀዝቃዛ ነው፣ የጣቶቿ ጫፍ ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሁሉ ተጨማዷል። ውሃ የምትፈራ ሴት መስኮት ከፍታ ሐይቁን ስታይ ትውላለች። ባለፈው ደግሞ “ጉም መቼ ነው የሚወርደው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ጉም ምን ያደርግልሻል?”

“እንዲያው” አለችና አፈረች። እናቴ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

“ከቤት ውጣ” የሚል ምልክት ፈለግሁ፣ የለም። አያቴ አላወጣውም፤ ማንስ ምን ብሎ ያወጣዋል?

ገመዱን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ዛሬ ከሰዓት እጅጌ እየገጠምኩ ሳለ ሚስማሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። አንዴ። አጠር ብሎ፣ ትንሽ ተይዞ፣ ለቀቅ። አልመልስም ብዬ እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩት። ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቱ በኩል ሁለቴ ተሳበ።

ሮጬ ገባሁ። እማዬ ካፖርቷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የገመዱ ጫፍ እጇ አንጓ ላይ ታስሯል። ቋጠሮው የግራ እጅ ቋጠሮ ነው።

“ማን አሰረልሽ?” አልኳት።

“ማን ያስርልኛል ብለሽ ነው?” አለችኝ፣ ሞኝነቴ ገርሟት።

አባዬ፣ ከእንግዲህ የቀረው ሦስቱ ብቻ ነው፣ እሱን የምትስበው ደግሞ አንተ ነህ። እማዬ ላይ ከሳብክ ትነሳና ትከተልሃለች፤ ወደ የትኛው ቤት እንደምትወስዳት እኔም አንተም እናውቃለን። እባክህ እንዳትስብባት። ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ብቻህን መሆን ከብዶህ ነው። እሷ ግን ገና ነች። ቡሽ የሚቀባውን ጀልባ ትይ፣ ታሹፍበት፣ ፀጉሯ ይድረቅ።

ቋጠሮውን ፈትቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ክር ስፈታ የምውል ሰው ነኝ፣ የአንተንም እፈታለሁ። አሁን ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነው፤ በቀኝ እጄ፣ ራሴው ነኝ ያሰርኩት። ከሁሉም በፊት ያስተማርከው እኔን ነውና ከዛሬ ጀምሮ መጠየቅ ስትፈልግ እኔን ጠይቀኝ፣ ሌላ ሰው አትጥራ። ያን ዕለት ጀልባው ላይ ያልመለስኩልህን በጠየቅከኝ ቁጥር እመልስልሃለሁ።

ይኸው፣ ልፈርም ስል ሳብከኝ።

አለሁ፣ አባዬ። አለሁ።

የበኩር ልጅህ