ለዝገት ሲባል ዝም ያለ ከበሮ

ፑኔ፣ ረቡዕ፤ ለጋናፓቲ በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ኢንዱዬ፣

የፑኔን ከበሮ በሙሉ ጸጥ ያሰኘ ወንድ ቢኖር ባልሽ ነው። በሙሉ ስል፣ ያው የሰፈራችንን ነው። ግን ሰፈራችን ምን ያንሰዋል?

እንዴት ከረምሽ? ሳሉ ለቀቅ አደረገሽ? ጽሕፈቱ የራሴ ነው። ወንድምሽ «ማን ጻፈለት?» ካለ፣ የገባበት የማታ ትምህርት ቤት በባባን የእጅ ጽሕፈት ጉድ ብሏል በይው።

ከአውቶቡስ ዴፖአችን አጥር ወዲያ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ዶክተር ሻልመሊ የምትባል ልጅ አለች። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ኢምንቱን በሚያጎላ ማሽን፣ ዝገት ታያለች። አትሳቂ። ዝገቱ ከዓይን ያመለጠ ዱቄት ነው፤ የአውቶቡስ ማርሚታ ውስጥ ሲገባ የጭሱን መርዝ ያከሽፋል። አንቺን ከቤትሽ ያባረረሽን፣ እኔ ቀን ሙሉ የምነዳውን ጭስ።

ሰኞ ከበሮ ስንለማመድ አጥሩ ጋ መጣች። «አጎቴ ባባን፣ በከበሮአችሁ ምስሉ ይንቀጠቀጥብኛል። ማሽኑ የሚደርሰኝ ዛሬ ብቻ ነው። ዛሬ ምስሉን ለአለቆቼ ካላሳየሁ ሥራውን ይዘጉብኛል።»

ናምዴቭ፣ ያ አፉ የማያርፍ ትኬት ቆራጭ፣ «ለዝገት ብለን ጋናፓቲን እናስቀይም?» አለ።

«ጋናፓቲ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ነው፤ በዚያ ጆሮው ባንመታም ይሰማናል» አልኩት። ከበሮውን አስቀመጥን።

ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። «አሁን ደግሞ ምን እያደረጋችሁ ነው? ባሰበት እኮ።»

ለካስ ከበሮውን ብናስቀምጥም ሁላችንም ምቱን በእግራችን እየረገጥን ኖሯል።

«እግሩን የሚያዝ ከበሮ መቺ የት አለ?» አለ ናምዴቭ።

ሰዎቹን መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። «ጉልበቱን ያነቃነቀ፣ ለበዓሉ ከበሮ ሳይሆን ጸናጽል ነው የሚይዘው» አልኩ። ድንጋይ ሆኑ።

በኋላ ጠርታ የማሽኑን ምስል አሳየችኝ። ነጫጭ ነጥቦች፣ ቤተ መቅደስ ደጅ እንደተሰለፈ ሰው መስመር ይዘው። መሃል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

«ተበላሸብሽ?» አልኳት።

«የለም አጎቴ። መርዙ የሚያዘው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።»

እኛም ቤት ባዶ ቦታ አለ፣ የመኝታ ምንጣፋችን ግራ ጎን። እሱ ግን ምንም ሥራ አይሠራም።

ሥራዋ አልተዘጋም፤ ለነገም ማሽኑን ሰጥተዋታል። ነገም አስቀምጣቸዋለሁ። ናምዴቭ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ልምምድ አንሶን በበዓሉ የታችኛው ሰፈር በከበሮ ቢበልጠን ይብለጠን፤ ይህን ያልኩት እኔ ባባን ነኝ፣ ደግመሽ አንብቢው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዱቄቱ የኔው አውቶቡስ ማርሚታ ውስጥ ይገባል ብላለች። ያኔ መጥቼ እወስድሻለሁና ከአሁኑ ዕቃሽን ሸክፊ።

እስከዚያ የተራራው ነፋስ ደረትሽን ያስፋልሽ፤ ሳልሽን ጋናፓቲ በኩምቢው ጠራርጎ ይውሰድልሽ።

ባልሽ ባባን፣ በገዛ እጁ

ሁሉም እውነት ነው፣ ሁለት ዓመቱ ሲቀር። ዶክተሯ ያለችው «መቼ እንደሚደርስ አናውቅም» ነው። ሁለት ዓመት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በላይ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።