ያለ ሻሽ የታመምሽበት ዓመት

ለክብርት እማዬ፣ የውሸት በሽታዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፤

ከሄድሽ አንድ የጊፋታ ዘመን መለወጫ አለፈ፤ ሁለተኛው ደጃችን ደርሷል። እኛ ደህና ነን። የዳሞታ ተራራም ከቦታው አልተነቃነቀም። አባዬ ዳጣ ካልሠራሁ ብሎ ነበር፤ ቀምሰን በርበሬው አቃጥሎን ስናለቅስ ጎረቤት ለአንቺ መስሎት አጽናናን። ግማሹ ለአንቺ ነበር።

ስንናፍቅሽ ግንባርሽን በዚያ ቢጫ ሻሽ ጠፍረሽ ትተኚና አባዬን ታስደውዪው ነበር። ወንድሜ ማርቆስ ከሁምቦ በሞተር፣ እህቴ አስቴር ከጉኑኖ ልጇን አዝላ፣ እኔም ከቢሮ አስፈቅጄ በባጃጅ እንከንፋለን። ስንደርስ ጎደሬው በስሎ ይጠብቀናል። ልትሞት የደረሰች ሴት ይህን ሁሉ መቼ ቀቀለችው? ማርቆስ ብቻ «ዛሬ ደግሞ የትኛው እግርሽ ነው?» ይልሻል። አንቺም «ልትጠይቀኝ ነው ልትመረምረኝ የመጣኸው?» ትይዋለሽ።

ሐኪሙ እውነተኛውን በሽታ ሲነግርሽ ግን ሻሹን ፈትተሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽው። የጆሮ ጌጥሽን አደረግሽ። ስንደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራችሁን ሥሩ» አልሽን። ያኔ ነው የደነገጥነው፤ አንቺ ደህና ነኝ ብለሽ አታውቂማ! ሳትጠሪን መጣን። ፍራሽ ዘርግተን፣ እግርሽ ሥር ማን ይተኛ ብለን እንደ ሕፃን ተጣላን። እጅሽን ይዤ እያለሁ እንኳ ትናፍቂኝ ነበር። አንቺ ግን ቤቱ መሙላቱን አይተሽ፣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ቀደም ብዬ የምሩን እታመም ነበር አልሽ። ሁላችንም ሳቅን። አባዬ ሳቁን ሊጨርስ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ገባ፤ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ።

አሁን ጠሪ የለንም። ባለፈው ጊፋታ ማርቆስ ሥራ በዛብኝ አለ፤ አስቴር ልጄን ጉንፋን ያዘው አለች። እኔና አባዬ ከቅርጫው ሥጋ ጋር ተፋጠጥን። በዚሁ ከቀጠልን ለቅሶ ብቻ የሚያገናኘን ዘመዳሞች ልንሆን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላቸው። ድምፄን እንደ አንቺ አቅጥኜ፣ ወገቤን ይዞኛል፣ መነሳት አልቻልኩም አልኩ። አስቴር ወዲያው መንገድ ጀመረች። ማርቆስ ደግሞ «የትኛው ወገብህ ነው?» አለና ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማሁት።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሣጥኑን ከፍቶ ቢጫውን ሻሽ አወጣና ግንባሬ ላይ አሰረልኝ፤ ጠበቅ አድርጎ፣ ልክ አንቺ እንደምታስሪው። እማዬ፣ ጠረንሽ እስካሁን አለበት።

አይዞሽ፤ በየዓመቱ እታመምልሻለሁ።