የምንይችል ካርዶች

ለእህት ዓለሜ ለዋጋዬ፤

ከቆሰበር ጭጋግ ተነሥቶ አርባ ምንጭ ሙቀት እስኪገባ ድረስ የማይቀዘቅዝ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽን ሀይለመለኮትን ወባው ለቀቀው? አርሴማ ጥርስ አወጣች? እኔ ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል፤ አንቺ ካልሰማሽው ደስታዬ አይሞላምና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ምንይችልን ታስታውሺዋለሽ፣ አብሮኝ የተመረቀው፣ በአራት ሰው ቢሯችን አለቃ ነኝ ባዩ። ገበሬው የድንች ዘር በስልክ መልእክት የሚያዝዝበትን ፕሮግራም እኔ ስድስት ወር ዓይኔ እስኪቀላ ሠርቼ፣ እሱ ግምጃ ቤት ከተማ ሄዶ ሥራውን ላዘዘን የዘር ማኅበር ሰዎች «የኔ ሥራ ነው፤ ይመኙሽ ታይፕ ነው ያደረገችልኝ» ማለቱን ክረምት ላይ እያለቀስኩ ነግሬሽ ነበር። አንቺም «ሆድ ይፍጀው ብለሽ ተይው» አልሽኝ። ሆዴ ግን አልፈጀውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ መቼ ይረሳል!

ጥቅምት ላይ ብሥራት የሚባል አሠልጣኝ ከባሕር ዳር መጣ። ማኅበሩ የሦስት ዓመት ሥራ ሊሰጠን ስለሆነ፣ የሚመራውን ሰው በሁለት ሳምንት ሥራ አይቶ ይመርጣል ተባለ። አሠራሩን «አጃይል» ይሉታል፤ ለሱ የሚሆን ሶፍትዌር አለው። ሥራው ተቆራርሶ በካርድ በካርድ ይጻፋል፣ በያንዳንዱ ላይ የሠሪው ስም ይሰፍራል፣ ካርዱም «ገና»፣ «እየተሠራ»፣ «አልቋል» ከሚሉት ዓምዶች አንዱ ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቆመን ትናንት ምን እንደሠራን እንናገራለን፤ ከተቀመጥንማ ወሬው አያልቅም።

ምንይችል ሥልጠናውን ስልኩን ሲነካካ ዋለና «ይሜ፣ አንቺ መዝግቢው፣ ማብራሪያውን እኔ እሰጣለሁ» አለኝ። እሺ ጌታዬ! የኔ ናቸው ብሎ የፎከረባቸውን፣ አሁን መሻሻል ያለባቸውን አሥራ አንድ የፕሮግራሙን ክፍሎች አንድም ሳልሰርቀው በስሙ አሰፈርኩለት። ስሙን ስጽፍ ብቻ መሐሉ ላይ አንዲት ስፔስ ጣል አደረግኩ። ከፍቶ አላየው። የቢሮ ባልደረቦቻችን እነ ውዱ አይተው ሳቅ ትን እያላቸው ዝም አሉ። በየጠዋቱ «እየተሠራ ነው» ሲል «እግዜር ያበርታህ» እለዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን ካርዶቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሽባባው መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር፤ «ትእዛዝ መቀበያ፣ ሠሪው ምን ይችል። መልእክት መላኪያ፣ ሠሪው ምን ይችል።» ስድስተኛው ላይ ዞር ብለው «ልጆች፣ ይሄ ስም ነው ወይስ እኔን እየጠየቃችሁኝ ነው?» አይሉም! ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ብሥራትም «እስቲ አንዱን ከፍተህ አሳየን» ሲለው፣ ምንይችል መብራት ይጠፋልኝ እንደሆነ ብሎ አምፖሉን አየ። የቆሰበር መብራት በዓመት አንዴ ታማኝ የሆነው ያን ቀን ነው።

እኔ የራሴን ካርዶች ሥራ አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየሁ፤ መሪነቱም ለኔ ሆነ። በማግሥቱ ምንይችል አንገቱን ደፍቶ መጣና «እህቴ፣ ስሜን እንኳ ግጠሚልኝ፣ ባለ ባጃጁ ሳይቀር በጥያቄ ነው የሚጠራኝ» አለኝ። እኔም ደንቡን ጠብቄ ካርድ ከፈትኩለት፦ «ስም ማስተካከል፤ ሠሪው ምን ይችል»። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከሠለጠነ። ክፉ ሆንሽ ትይኝ ይሆናል። ይቅር የምለው ካርዱን በገዛ እጁ «አልቋል» ላይ ሲያስገባው ነው። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ፤ አሁንም «ገና» ላይ ነው።

ሀይለመለኮትን ሰላም በይልኝ፤ አርሴማን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አማትሽንም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ።

ታናሽሽ ይመኙሽ
ቆሰበር፣ ኅዳር 20 ቀን 2010 ዓ.ም.