ሸራ ለብሶ ስለሚኖረው ቶርኖ

ለተከበሩ ጓድ ደሳለው
የቴክኒክ ማሠልጠኛ ተቋሙ ኃላፊ
ወረታ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በዚህ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ እርስዎ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ሆነው እግርዎ ሳይርስ መክረምዎን ስሰማ፣ እኔም ቤተ ሰቤም እፎይ ብለናል። እኛ የራስነው እስከ ጉልበታችን ብቻ ስለሆነ አያስቡ።

እኔ በተቋምዎ የኤሌክትሮ መካኒክ ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው የጥሩብርሃን አጎትና አሳዳጊ ነኝ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው እንድትባረር ወስኖ የእርስዎ ፊርማ ብቻ እንደቀረ ስለተነገረኝ፣ ብዕርዎ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከወዳጅ አገር ተጭኖ የመጣልንን፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዘውን የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ገና ከመኪና እንደወረደ ሸራ አልብሰው፣ ሸራውን በገመድ አስረው፣ ገመዱን በሰም አትመው ስላስቀመጡልን። ልጆቹ ሥራውን የተማሩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከተሣለው ሥዕሉ ነው። እኔ በልጅነቴ አቋቋም የተማርኩት ከአንድ ቁጡ መሪጌታ ዘንድ ነበር። ለዱላም ለስድብም የማይሰስቱ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከበሮ ሰሌዳ ላይ ሥለው ይህን ምቱ ያሉን ቀን ትዝ አይለኝም። ኋላ ቀርነታቸው የገባኝ ዛሬ ነው።

፪ኛ. እንግዳ ሲመጣ ሸራው ስለሚገለጥ። ተማሪዎቹ አዲስ ቱታ ለብሰው በማሽኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ቱታው ወደ ግምጃ ቤት፣ ቶርኖውም ወደ ሸራው ይመለሳል። አንድ እንግዳ በአብዮት በዓል ማግስት ማሽኑ ሲሠራ ማየት እንደሚፈልግ ቢገልጽ፣ በበዓሉ ስለደከመ ዕረፍት ላይ ነው ብለው እንደመለሱለት ሰምቻለሁ። ለሠራተኛው መደብ ያለዎት አሳቢነት እስከ ብረት መድረሱ ልብ ይነካል።

፫ኛ. ስለ ቦታ አመራረጥዎ። የፎገራ ገበሬ፣ ያልነቃ ስለሆነ፣ ሐምሌ ሲገባ እህሉን ቆጥ ላይ ይሰቅላል፣ ከብቱንም ወደ ከፍታው ይነዳል። እርስዎ ግን ቶርኖውን ከግቢው ሁሉ ዝቅ ባለው ክፍል፣ እመሬት ላይ አኖሩት። ተማሪዎቹ ውሃው ሳይመጣ ግንድ ላይ እናውጣው ብለው ቢለምኑ፣ የመንግሥት ንብረት ከቦታው ለማንቀሳቀስ የክፍለ ሀገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል አሉ። ፈቃዱ እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ነው። ውሃው ማንንም ሳያስፈቅድ በነሐሴ ገባ።

ያን ዕለት ጥሩብርሃን ማኅተሙን ሰብራ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ቶርኖውን በአጠና እየፈነቀሉ ግንድ ላይ አወጡት። ውሃው ሲጎድል ሞተሩን ፈታች፣ ጭቃውን ጠረገች፣ የሽቦውን ጥቅል በፍም ሙቀት ቀስ ብላ አደረቀች፣ መልሳ ገጠመች። ከተቋሙ ጄኔሬተር ጋር ስታገናኘው ተነሣ። እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ፤ ብረትም ቀረጸ። ወንጀሏ ይኸው ነው።

፬ኛ. ስለ ሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው። እንደ አሳዳጊ ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ግለኛ አላት፤ ሌላው ንዑስ ከበርቴ አላት፤ ሦስተኛው ደግሞ የቄስ ልጅ በመሆኗ ማኅተም መስበሯ እንደማይገርመው ተናገረ። የዚህኛውን ምሥጢር እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው። ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣች።

«ጓድ ኃላፊ፣ ይኼ ማሽን ለምንድን ነው የመጣው?»

«ለመማሪያ ነው» አሉ እርስዎ። «ስለዚህ ተማሪ አይነካውም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን እስካሁን እየታጠብኩት ነው።

ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃኝ። ጓድ ደሳለው፣ ነገሩ ያስጠላል። ቅል ውስጥ እንደተረሳ እርጎ ያስጠላል። ይህች ልጅ አባቷ፣ ወንድሜ፣ ካረፈ ወዲህ ከዚህ ሙያ በቀር የምትመኘው የላትም። ከተባረረችም በሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀበላት እንደማይኖር እርስዎም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ አይፈርሙ።

ደብዳቤውን ሳላሽግ በግቢዎ በር ላይ የምለጥፈው ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ባሽገው፣ እርስዎ ማኅተም አክባሪ ስለሆኑ፣ ሳይከፍቱት ይኖራሉ ብዬ ሰግቼ ነው።

ሸራዎ አይቀደድ፣ ሰምዎ አይቅለጥ እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ወልደ ሥላሴ ገብረ ኪዳን
ወረታ፣ መስከረም ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

የተረሳ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ባደርኩ ጊዜ፣ እርስዎ ቀድመው ፈርመው ስንብቷን በሰልፍ ላይ አስነበቡ፤ ጥፋቷም «ያለ ፈቃድ ማሽን በማስነሣቷ» ተባለ። ወሬው ሐሙሲት ገበያ ለመድረስ ቀን አልፈጀበትም። አቶ አንለይ የሚባሉ፣ ሞተሩ እንቢ ብሏቸው ወፍጯቸው ከቆመ የከረመ ሰው፣ ዛሬ ቤቴ ድረስ መጡ። ስለ ፈቃዱ አንዳች አልጠየቁኝም።

«ለመሆኑ ተነሣላት?» አሉኝ።

ተነሣላት አልኳቸው።

«እንግዲያ ነገ ትምጣልኝ» አሉ።