ያዘዝክላት የትምህርት ሳጥን

ተስፍሽ፣ የቤቴ አለኝታ፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። ሰማንያህን አወጣን፤ ለቅሶ የሚመጣውም ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከልጃችን ከሶሊ ጋር ልሁን ብዬ የነርሲንግ ሆሙን፣ የአረጋውያን መጦሪያውን ሥራ ወደ ከሰዓት ሺፍት አዞርኩ። አሥራ ስድስት ሞላት። ኬክ አልፈልግም አለች፤ እኔም አልጎተጎትኳት።

የምጽፍልህ ስለ ሳጥኑ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ብለህ ቀድመህ ያዘዝክላት፣ ቤት ውስጥ የምትማርበት የሆምስኩል ሳጥን፣ ላቲኑ፣ ሎጂኩ፣ የጥንት ታሪኩ፣ የንግግር ጥበቡ አንድ ላይ የታሸገበት፣ ከቀበርንህ በኋላ መጣ። ላዩ ላይ ስምህን ሳይ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እህትህ አልማዝ ከአርሊንግተን እየደወለች ልጅቷን ትምህርት ቤት አስገቢያት፣ አንቺ እንደ እሱ አትችይውም ትለኛለች። እልህ ያዘኝ። ከፈትኩና እንደ አቅሜ ገመገምኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ መጻሕፍቱ ጥሩ ናቸው። እንዳልከው ልጅን አያሞላቅቁም፤ ረጅም ነገር ያስነብባሉ፣ የተነበበውን በራስ ቃል ያስተርካሉ። የፈተናው መልስ ከኋላ ስላለ እኔ እንኳ ማረም እችላለሁ። ያስቸገረኝ የወላጁ መምሪያ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጅሽ ያለችውን ተቃወሚ፣ ማስረጃ ጠይቂያት ይላል። ይሄ ሳጥን የተሠራው ክርክር ለሚወድ ወላጅ ነው። ለአንተ ነው።

አንተማ ሰማዩ ሰማያዊ ነው ብትልህ አይደለም ትላት ነበር። ግሬፕቫይን ከተማ የሆቴሉን የእንግዳ ማመላለሻ ሻትል ልትነዳ ስትወጣ፣ ጫማህን እያሰርክ፣ ውሸት አንዳንዴ ጥሩ ነው ብለህ ያስለቀስካት ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆኜ፣ ልጅቷን ምላስ ብቻ አደረግካት እያልኩ እጮህባችሁ ነበር። ሁለታችሁም ከቁም ነገር አትቆጥሩኝም።

አንተ አጋማሹ ላይ የተውክላትን የዘንድሮውን ትምህርት እኔ ላስጨርሳት ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት እያየሁ ነው። ሶሊ ያለችውን ሁሉ ጎበዝ እላታለሁ። ጎበዝ ባልኳት ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

በትምህርቱ ደንብ፣ የዓመቱ መዝጊያ ላይ ልጅቷ በቤተሰብ ፊት ቆማ ንግግር ታደርጋለች፣ ከቤተሰቡ አንዱ ደግሞ ይሞግታታል። አልማዝም መጣች። ርዕሱን ሶሊ ራሷ ነበር የመረጠችው፤ ትምህርት ቤት ልግባ የሚል። የምሞግታት እኔ ነበርኩ፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ስለ ጓደኛና ስለ ኮሌጅ ስትናገር መልስ ነበረኝ። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለዚያ ቀን ተናገረች። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንተ ድርሰቷን እያረምክ ከወንበርህ ስትወድቅ አጠገብህ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። አምቡላንሱ እስኪደርስ ደረትህን ስትጫን ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጥ ፊደሉን ታያለች እንጂ አይገባትም። እኔ አጠገቧ ሆኜ ጎበዝ ስላት፣ ለካ መልሱን ከኋላ እየገለበጠች ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ጠረጴዛውን እንለውጣለን አልኳት። የጠረጴዛ ነገር አይደለም፣ አባቴ በሌለበት ቤት የሚሞግተኝ የለም አለችኝ። አልማዝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ተስፍሽ፣ ሳጥኑን የሙጥኝ ያልኩት ለልጅቷ ብዬ አልነበረም። ሳጥኑ ከቤት ከወጣ ዳግመኛ የምትሞትብኝ መስሎኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለምናውቀው አንድ ቤተሰብ ሰጠሁት። አባትየው ቀን ቀን ቤት ነው የሚውለው።

ሶሊን ላስመዘግብ ስንሄድ ያነጋገረችን የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሯ፣ ደግ ሴት ናት፤ ቢሆንም ቤት የተማረችው ክሬዲት ሆኖ እንዲቆጠርላት መፈተን አለባት አለችን። ሶሊ ተፈተነች። ካንተ ጋር የጨረሰችውን የመጀመሪያውን ሴሚስተር አንድም ሳይቀር አለፈች። ከእኔ ጋር የተቀመጠችበትን ሁሉንም ወደቀች። ውጤቱን መኪና ውስጥ አየነው። አሁን የወደቀችውን ከሚያንሷት ልጆች ጋር ትደግመዋለች።

ሰኞ ትጀምራለች። ቤቱ ባዶውን ይውላል፣ እኔም ሺፍቴን መልሼ ወደ ጠዋት አዞራለሁ። ያለፈችው ሴሚስተር መዝገቧ ላይ ገብቷል፤ ያስተማራት ሰው ስም ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አባቷ ነው ያስተማራት እላለሁ።

ያንተው ሙሉ