ቻናሌን ስላዘጋሽብኝ

ጅማ፣ ጊንጆ

ለልጄ እናት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ናርዲን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እዚያው ቤት አለሁ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ግን ደህና አላደረግሽኝም።

ትናንት ቻናሌ ተዘጋ። ስልሳ አራት ቪዲዮ፣ የሦስት ዓመት ልፋት፣ አንቺ አጋሮ ተቀምጠሽ በላክሽው የባለቤትነት አቤቱታ ከነተከታዮቹ ጠፋ። ደስ ይበልሽ!

ስልኩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ቻናሉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክንዴ እስኪዝል ቆሜ የቀረፅኩሽም እኔው ነኝ። አንቺ ምን አደረግሽ? የስፌት መኪናሽ ላይ ተቀምጠሽ እንደ ወትሮሽ ሰፋሽ፤ "አካም ጅርቱ እህቶቼ፣ ጨርቁን ሳታጥቡ እንዳትቆርጡት" አልሽ። በቃ! ባለቤት የሚያሰኝሽ ይሄ ነው?

የማስታወቂያው ገንዘብ መግባት ሲጀምር ያልነገርኩሽ ኋላ ላስደስትሽ አስቤ ነው። "ይከፍላሉ እንዴ?" ስትዪኝ "ገና ነው" ያልኩሽም ለዚያው ነው። ስምንት ወር ምን አላት? የባንኩን መልእክት ስልኬ ላይ ስላየሽ ልጄን ይዞ እናት ቤት መግባት ምን አመጣው? ሞተር ሳይክሉንም ቢሆን በዚያው ገንዘብ የገዛሁት ለቤታችን ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ሥራው እንዳይቆም ብዬ የድሮዎቹን ቪዲዮዎች ድምፅሽን አጥፍቼ፣ በራሴ ድምፅ እያስረዳሁ እንደገና ጫንኳቸው። ሰው ምስጋና አያውቅም። ከሥር የሚጽፉት ሁሉ "ሴትዮዋ የት ሄደች?"፣ "ይሄ ሰውዬ መርፌ ይዞ ያውቃል?" ሆነ። አንዷማ ከቤሩት "እጇን አውቀዋለሁ፣ እሷን መልስልን" አለችኝ። አንቺም አቤቱታሽን ያስገባሽው በዚያው ሳምንት ነው።

ልንነጋገር ብዬ አጋሮ ድረስ ስመጣ በር ላይ አስቆማችሁኝ። እናትሽ እማማ ሸዋረገጥ ገብተው ወጡና "ስልኩ የሱ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው ብላለች" አሉኝ። ውሃ እንኳን አላቀመሱኝም። ናርዲ በመስኮት አይታኝ መጋረጃውን ዘጋችው። እሱንም ያስተማርሻት አንቺ ነሽ።

መከራከር አቅቶኝ እንዳይመስልሽ። ለአቤቱታሽ መልስ እንድሰጥ ቪዲዮውን የሚያሳየው ድርጅት ሰባት ቀን ሰጥቶኝ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ቅጹን ከፍቼ ስሜንና አድራሻዬን ሞላሁ። መጨረሻው ላይ "ይህ ሥራ የራሴ መሆኑን በመሐላ አረጋግጣለሁ" ይላል፤ የቀረኝ እሱን ተጭኖ መላክ ብቻ ነበር። ለማስረጃ እንዲሆነኝ ስልኬ ላይ የቀረውን አንዱን ቪዲዮ ከፈትኩት፤ የናርዲን የመጀመሪያ ዩኒፎርም የሰፋሽበትን። እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ስድስቱን ቀን ሙሉ አልተመለሰም። ያሸነፍሽኝ በዚህ ብቻ ነው፤ በሌላ እንዳይመስልሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአጋሮ መስመር ሾፌሩ ሙሀጅር ነው። "ኔትወርክማ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነበር" ቢልሽ አትመኚው።

እናትሽን በጤና ያቆይልሽ። ልጃችንን ያሳድግልን።

የናርዲ አባት