አጥንቱ ገጥሟል፣ እጄ ግን ይነዳል

ማክሰኞ
የጋቢዬ ጫፍ ጣቴን ነካኝና በተማሪዎቼ ፊት ጮኽሁ። ጋቢ እኮ ነው! ሰኔ ላይ ጭቃ አዳልጦኝ የተሰበረው የቀኝ እጄ አንጓ ድኗል፤ ወጌሻውም ራጁም አንድ ቃል ናቸው። ታዲያ ምኑ ነው የሚያንገበግበኝ? ጠዋት ይቀላል፣ ከሰዓት ይጠቁራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል። ጎረቤት ምች ነው ይላል። ባለቤቴ የሺ ደግሞ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ካልወሰድሁዎ ብላ ይዛኛለች። የደብረ ታቦር በዓል ደርሷል። እንደ እኔ ያለ መሪጌታ ጸናጽል መያዝ ካቃተው ማኅሌት ላይ ምን ሊሠራ ነው?

ረቡዕ
ሆስፒታል። የፊዚዮቴራፒዋ ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት።
«እጅዎን ማን ጠቀለለብዎት?»
እኔው። ወጌሻው ከፈታው በኋላ ብርድ እንዳይገባው ብዬ በሻሽ አስሬ ጋቢ ውስጥ ደብቄው ከረምሁ። ይህ ነው ያባባሰው አለችኝ። ስብራቱ ቢድንም ነርቩ አሁንም «ተጎዳሁ» እያለ ይጮኻል፤ አእምሮም አምኖት የደም ሥሩን ያጠብባል፣ ላቡን ያፈሳል። እጁ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ አእምሮ ይረሳዋል።
«ታዲያ ውሸቴን ነው የምታመም?» ብዬ ተቆጣሁ።
«ሕመምዎ እውነት ነው መሪጌታ። የተሳሳተው ማስጠንቀቂያው ነው።»
እውነት ነው ያለኝ ሰው እስካሁን አልነበረም። ልቤ ትንሽ ረጋ።
ያዘዘችኝ፦ ሻሹን መጣል። እጄን በጥጥ መዳሰስ። መስታወት።

ሐሙስ
መስታወት! በዚህ ዕድሜዬ! የሺ ከግድግዳ አውርዳ ሰጠችኝና «ሊሞሸሩ ነው እንዴ አንቱ?» ብላ ሣቀችብኝ። ቀኜን ከመስታወቱ ጀርባ አድርጌ ግራዬን ሳንቀሳቅስ፣ የሚንቀሳቀሰው ቀኜ ይመስላል። አእምሮን እንዲህ አድርገው ነው አሉ የሚያለማምዱት። ላብ በላብ ሆንሁ። ተናድጄ ተውሁት።

ቅዳሜ
አላስችል አለኝ። ግራዬን ጸናጽል አስያዝሁት። መስታወቱ ውስጥ ቀኜ ጸናጽል ሲነቀንቅ አየሁ! ከጀርባ ያለው ጣቴም ሳላዝዘው ተነቃነቀ፤ አላቃጠለኝም። የሺን ጠርቼ እንደ ልጅ አለቀስሁባት። ወዲያው ተስገብግቤ በቀኜ አነሣሁት። ኧረ ያ ሕመም! ከእጄ ወደቀ።

ሰኞ፣ የበዓሉ ዕለት
ጸናጽሌን ለትልቁ ተማሪዬ ሰጠሁ። «የኔታ፣ ይቀመጡ» አለኝ፤ እምቢ አልሁ። ቀኜን ሳልሸፍን ባዶውን ከዜማው ጋር ከፍ ዝቅ አደረግሁት። ሰው አየኝ፤ አፈርሁ። እጄ ነደደ፣ ጠቆረ። ለመስቀል በዓል ይሻለው እንደሆን ሐኪሟም አታውቅም። ማኅሌቱ እስኪያልቅ ግን ወደ ጋቢው አልመለስሁትም።